የወፏ ቀለበት ወሬ አያቀብልም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ስለሚካሄደው ወፎችን ቀለበት የማሰር ሥራ ያወጣችሁት ዘገባ ሐረር ላይ መነጋገሪያ ሆኗል። አንዷ ዓረፍተ ነገር ግን አንገብግባናለች፦ «በወፎቹ እግር ላይ የታሰረው መሣሪያ ያሉበትን ቦታ ወደ አውሮፓ ያስተላልፋል።» አያስተላልፍም! ባትሪም አንቴናም የለው። ቁጥርና አድራሻ የተቀረጸበት ቁራጭ አሉሚኒየም ነው።

እስቲ በሚዛን እንነጋገር። መስከረም ላይ ከአውሮፓ ከሚመጡት ትንንሽ ወፎች 9 ግራም ገደማ የሚመዝኑ አሉ። በሙያው ልማድ ወፍ ላይ የሚጫን መሣሪያ ከክብደቷ 3 በመቶ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ለ9 ግራም ወፍ 0.27 ግራም መሆኑ ነው። ወደ ሳተላይት የሚልኩት መሣሪያዎች ግን ትንሹ እንኳ 2 ግራም ገደማ ይመዝናል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 13 ኪሎ አዝሎ ሰሃራን ይሻገር እንደማለት ነው። እኛ ለእንዲህ ያለችው ወፍ የምናስረው ቀለበት 0.1 ግራም አይሞላም። ዴንማርካዊው መምህር ሐንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን ቁጥር ያለው የአሉሚኒየም ቀለበት ማሰር የጀመረው በ1899 እ.ኤ.አ. ነው፤ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከመምጠቋ 58 ዓመት በፊት። ያኔ ቀለበቱ ለማን ያስተላልፍ ነበር?

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ቀለበት የሚጠቅመው ቁጥሩን የሚያነብ ሰው ሲገኝ ብቻ ነው። ኤረር ሸለቆ ውስጥ ያለ እረኛ የሞተች ወፍ አግኝቶ «የስለላ ዕቃ ነው» ብሎ ቀለበቱን ከጣለው፣ ወፏ ከየት ተነስታ እዚያ እንደደረሰች ማንም አያውቅም። ዘገባችሁ ያስፈራራው ይህንኑ እረኛ ነው።

ደግሞ «የውጭ ባለሙያዎች ወፎቹን ሲያጠምዱ ነዋሪዎች ተመለከቱ» ብላችኋል። ተመለከቱ? ከሌሊቱ 11 ሰዓት በግራሮቹ መካከል 12 ሜትር ርዝመት ያለውን ስስ መረብ የሚዘረጉት የባቢሌና የሐረር ልጆች ናቸው። መረቡ ከልክ በላይ ከተወጠረ ወፏ የምትወድቅበት ኪስ አይሠራም፤ ነጥራ ታመልጣለች። የታችኛው ኪስ መሬት ከነካ ጉንዳን ይደርስባታል። ንፋስ ሲነሳ መረቡ ይታያል፣ የተያዘችውም ትጠላለፋለች። ስለዚህ በየ20 ደቂቃው ይዞራሉ፣ ፀሐይ ሲበረታ ከዚያም ባጠረ ጊዜ፤ 4 ሰዓት ላይ ይጠቀልላሉ። ፎቶግራፋችሁ ላይ ያለው ተጠቅልሎ የታሰረ መረብ ነው፣ የምሰሶውም ጥላ የቀትር ነው። ዘጋቢያችሁ የደረሰው ሥራው ካለቀ በኋላ መሆኑን ጥላው ይመሰክራል።

ከሁሉም የሚከብደው ወፏን ማውጣት ነው። መጀመሪያ በየትኛው ጎን እንደገባች ይለያል፤ ከዚያ ብዙውን ጊዜ እግር፣ ቀጥሎ ክንፍ፣ መጨረሻ ራስ ይለቀቃል። ክር ምላሷ ላይ ከተያዘ መሳብ አይገባም፣ ምላሷ ይቀደዳል፤ በቀጭን ስንጥር ቀስ ተብሎ ይላቀቃል። ወፏ በአቡጀዲ ከረጢት ትወሰዳለች። ቀለበቱ በልዩ ፒንሳ ሲዘጋ ሁለቱ ጫፎች ልክ መግጠም አለባቸው፤ ክፍተት ከቀረ ክርና ሣር ይይዛታል፣ ከተደራረቡ እግሯን ይልጣታል። ከዚያ ክንፏ ይለካል፣ ትመዘናለች፣ ላባዋና ከጉሮሮዋ በታች ያለው ስብ ይታያል። አፏን ከፍታ የምታለከልክ ከሆነ ግን ያለ ቀለበት ወዲያው ትለቀቃለች። ይህን ሁሉ የሚያደርጉ፣ ወፎቹንም በኦሮምኛና በሶማሊኛ ስማቸው የሚጠሩ ልጆች ናቸው «ተመልካች» የተባሉት።

እርማቱን ዘገባው በወጣበት ገጽና በዚያው መጠን እንድታወጡ እንጠይቃለን። አብራችሁም ይህን አትሙ፦ ቀለበት ያላት ወፍ በሕይወት ካለች ቁጥሩንና አድራሻውን አንብባችሁ ልቀቋት። ከሞተች ቀለበቱን ፎቶ አንሱ፤ ቀኑን፣ ቦታውንና እንዴት እንደተገኘች ጽፋችሁ በአቅራቢያችሁ ላለው የዱር እንስሳት ጥበቃ ወይም የግብርና ጽሕፈት ቤት አድርሱ።

በሐረርና በባቢሌ ወፎችን ቀለበት የምናስር