«ሌባ አለ፣ ኪሳችሁን ጠብቁ» ማለት ለማን ይጠቅማል?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የበዓል ሰሞን ጉዞን አስመልክታችሁ ባወጣችሁት ጽሑፍ ኪስ አውላቂዎች መብዛታቸውን ጠቅሳችሁ፣ መንገደኞች ንብረታቸውን በንቃት እንዲጠብቁ ማሳሰባችሁ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ በመናኸሪያ የትኬት መስኮት ውስጥ ተቀምጬ የመንገደኛውን ውጣ ውረድ ለረጅም ዓመታት ስመለከት የኖርኩ ጡረተኛ እንደመሆኔ፣ ይህ ምክር በደፈናው ሲነገር ከሚጠቅመው ይልቅ የሚጎዳበት ጊዜ እንዳለ ለአንባቢዎቻችሁ ላስረዳ እወዳለሁ።

በድምፅ ማጉያም ሆነ በረዳቶች አፍ «ሌባ አለ፣ ኪሳችሁን ጠብቁ!» የሚል ጥሪ በተሰማ ቁጥር፣ መኪና ለመሳፈር የተሰበሰበው ሰው እጁ ሳያስበው ወደ ገንዘቡ ይሄዳል። ወጣቱ የኋላ ኪሱን ይዳብሳል፤ ሴትዮዋ የእጅ ቦርሳዋን ዚፕ ከፍታ ታይና መልሳ ትዘጋለች፤ አዛውንቱ በካፖርታቸው ላይ በግራ በኩል ያለውን የውስጥ ኪስ መታ መታ ያደርጋሉ። ዳር ቆሞ ይህን ሁሉ የሚከታተለው ኪስ አውላቂ ከዚያ በኋላ መገመት አይጠበቅበትም፤ ማን ምን ያህል እንደሚሳሳለትና የት እንዳስቀመጠው ባለቤቶቹ ራሳቸው አሳይተውታል። ማስጠንቀቂያው በቅን ልቦና የተነገረ ቢሆንም የሌባውን ግማሽ ሥራ ሠርቶለት ያልፋል።

ኪስ አውላቂ ሥራውን የሚጀምረው በመኪና በር ላይ ይመስለናል። በር ላይ የሚፈጽመው ግን የመጨረሻውን ነው። ብዙ መንገደኛ ለትኬት የሚበቃውን ለይቶ ስለማይዝ፣ በመስኮቱ ፊት ያለ የሌለ ገንዘቡን ያወጣል፤ ጣቱን ምራቅ እያስነካ ይቆጥራል፤ መልሱንም ከቀረው ጋር ደርቦ እዚያው ኪሱ ይከታል። ከኋላው ተሰልፈው የነበሩ አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ተራቸው ሲደርስ ምንም ሳይጠይቁ ዘወር ይላሉ። ሰልፍ ጠብቆ ትኬት የማይቆርጥ ሰው ምን ሊያይ እንደተሰለፈ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ የ200 ብር ኖት ከወጣ ወዲህ 10,000 ብር በ50 ኖት የሚያዝ ስለሆነ፣ ገንዘቡ ለመሸከም የቀለለውን ያህል ባለቤቱ ሳይሰማው ከኪሱ ለመውጣትም ቀሏል።

ስለዚህ ከሁሉ የሚቀድመው ጥንቃቄ ከቤት ሳይወጡ የሚደረገው ነው። ለትኬት፣ ለሻይ፣ ለባጃጅና ለተሸካሚ የሚሆነውን ዝርዝር ገንዘብ ለይቶ በአንድ የፊት ኪስ መያዝ፣ ሌላውን ደግሞ መድረሻ እስኪደርሱ ድረስ በማይነኩት ቦታ ማስቀመጥ ይገባል። «የማይነኩት» ስል ቃል በቃል ነው፤ መኖሩን ለማረጋገጥ በየጊዜው የሚዳበስ ገንዘብ አልተደበቀም። በዚህ ረገድ ከባቲና ከአካባቢው ገጠሮች ለሰኞ ገበያ የሚወጡት እናቶቻችን ከተሜውን ያስንቁታል። ገንዘባቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ቋጠሮውን ወደ ውስጥ አዙረው ይታጠቁታል፤ ለመፍታት ለራሳቸውም ጊዜ የሚወስድ ስለሆነ በግፊያ መሀል ማንም አይፈታውም። በኋላ ኪሱ የቆዳ ቦርሳ አሳብጦ የሚሄደው የተማረ ልጃቸው ግን በእናቱ ቋጠሮ ሲስቅ አይቻለሁ።

በር ላይ የሚሆነውም በአጋጣሚ የሚሆን አይደለም። መኪናው በወጉ ሳይቆም በሩን ተከትሎ የሚሮጠው መንገደኛ በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በሌላው ልጅ ወይም ፌስታል ስለያዘ ኪሱን የሚጠብቅበት ሦስተኛ እጅ የለውም። ከፊቱ ያለው ሰው እግሩን ደረጃው ላይ ካሳረፈ በኋላ ድንገት ቆም ብሎ «ጫማዬ ወለቀ» ይልና ያጎነብሳል። ከኋላ ያለው «ግቡ እንጂ!» እያለ ይገፋል። ጃኬቱን ክንዱ ላይ ጣል ያደረገ ሌላ ሰው ደግሞ ከጎን ተጠግቶ በጃኬቱ ሽፋን ሥር እጁን ይሰዳል፤ የወጣውም ቦርሳ በዚያው ቅጽበት ከግፊያው ውጭ ለቆመ ባልደረባ ይተላለፋል። የተጠረጠረው ሰው ተይዞ ሲፈተሽ ኪሱ ባዶ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጫማው የወለቀበት ሰው ሳይሳፈር «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ ሲወርድ ካያችሁ፣ ቦርሳችሁን የምትፈልጉበት ጊዜ አልፏል። በዚህ ሁኔታ የሚጠቅመው ግፊያው ውስጥ አለመግባት ብቻ ነው፤ በተለይ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል አንዱ ሚኒባስ ሲወጣ ሌላው ስለሚተካ፣ ለአንድ ወንበር ሲባል መጋፋት የሚያስፈልግበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም።

በእኛ አካባቢ መንገድ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ አደጋ ደግሞ የአየር ጠባዩ መለዋወጥ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል የምትገኘው ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች ናት። ጠዋት በጦሳ ብርድ ካፖርት ደርቦ የተሳፈረ ሰው ጠመዝማዛውን ሲጨርስ ሙቀቱ አስገድዶት ካፖርቱን ያወልቃል። ከአዲስ አበባ ለሚመጣው ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል፤ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር ብርድ ተጀቡኖ ያለፈው መንገደኛ ደብረ ሲናን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የደረበውን ሁሉ ይገፋል፣ ከከሚሴ እስከ ሐርቡ ባለው ሙቀት ደግሞ እንቅልፍ ይጥለዋል። የወለቀው ካፖርት ጉልበት ላይ ይታጠፋል፣ መስኮት አጠገብ ይሰቀላል ወይም ከላይ ዕቃ መጫኛው ላይ ይወረወራል፤ የገንዘብ ቦርሳው ግን ጠዋት በነበረበት የውስጥ ኪስ ውስጥ ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው የራሱን ጃኬት በዚያ ላይ ቢደርብበት የሚጠረጥረው የለም። እኔ ለቤተሰቤም ለጎረቤቶቼም ሁልጊዜ የምነግረው፣ በዚህ መስመር የሚጓዝ ሰው ገንዘቡንና መታወቂያውን በሚያወልቀው ልብስ ውስጥ ፈጽሞ እንዳያስቀምጥ ነው። ሱሪ ወይም ቀሚስ ውስጥ በቤት የተሰፋች አንዲት የውስጥ ኪስ፣ አፏ በቁልፍ የሚዘጋ ከሆነች፣ በገበያ ከሚሸጠው የጉዞ ቦርሳ ሁሉ ትበልጣለች።

በከተማ ውስጥ በሚደረግ ጉዞም አዲስ አበባ የለመዱ ሌቦች የሚጠቀሙባቸው ጥቂት ስልቶች አሉ። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው «ብርድ ገባኝ፣ መስኮቱን ዝጉልኝ» ይልና እጃችሁን ወደ መስኮቱ ስትዘረጉ የእርሱ እጅ ወደ ኪሳችሁ ይገባል። ሌላው ደግሞ ልብሳችሁ ላይ ምራቅ ወይም ጭቃ አስነክቶ፣ እየተጸጸተ ሊጠርግላችሁ ይጠጋል። ጨዋነታችን ስለሚይዘን እምቢ ማለት ይከብደናል፤ እነርሱም የሚተማመኑት በዚሁ ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ራሴ እጠርገዋለሁ» ብሎ አንድ እርምጃ ራቅ ማለት ማንንም አያስቀይምም።

ከገንዘብ ቦርሳ ይልቅ ዛሬ ስልክ መሰረቁ የበለጠ ያሳስበኛል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ነጋዴ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መንገድ መውጣት ትቷል፤ ይህ በእርግጥ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን የሚስጥር ቁጥሩን የልደት ዓመቱን ያደረገ፣ ወይም ከመታወቂያው ጀርባ የጻፈ፣ መታወቂያውንም በስልኩ ሽፋን ውስጥ የሸጎጠ ሰው፣ ስልኩ ሲሰረቅ ቁልፉንም ሣጥኑንም አንድ ላይ አስረክቧል። ሲም ካርዱ ራሱ በሚስጥር ቁጥር ሊቆለፍ እንደሚችልም ብዙዎች አያውቁም። ይህ ካልተደረገ ሌባው ካርዱን አውጥቶ በሌላ ስልክ ውስጥ በመክተት ከባንክ በአጭር መልእክት የሚላከውን ማረጋገጫ ቁጥር ሊቀበል ይችላል። ከጉዞ በፊት *#06# ደውሎ የሚመጣውን ባለ 15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ቤት ማስቀመጥ፣ ስልኩ በጠፋ ጊዜ ደግሞ ከሰው ስልክ ተውሶ ኢትዮ ቴሌኮምን በ994፣ የንግድ ባንክ ደንበኛ የሆነ በ951 ደውሎ ወዲያው ማሳገድ ይገባል። ስልኩን መልሶ ማግኘት አጠራጣሪ ቢሆንም ገንዘቡን ለማዳን ጊዜ አለ፤ ሰው ግን ያንን ጊዜ ሌባውን በማሳደድ ይጨርሰዋል።

ማሳደድን ካነሳሁ አይቀር፣ «ሌባ!» ተብሎ በተጮኸ ቁጥር የሚደረገውን የደቦ ፍርድ አጥብቄ እቃወማለሁ። ከላይ እንደገለጽኩት ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ስለሚያልፍ፣ የሚደበደበው ብዙውን ጊዜ በቅርብ የተገኘው ሰው ነው። ስርቆት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 የተደነገገ ወንጀል ሲሆን፣ የሚፈትሸውም ፖሊስ፣ የሚቀጣውም ፍርድ ቤት ነው። መኪናው ከመናኸሪያ ከወጣ በኋላ ስርቆት ከታወቀ፣ ሾፌሩ ማንም ሳይወርድ ወደ ቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ እንዲነዳ መጠየቅ ይሻላል።

ወደ መነሻዬ ልመለስና፣ መስከረም 21 ለሚከበረው የግሸን ማርያም ክብረ በዓል ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምእመን በኮምቦልቻና በደሴ በኩል ሲያልፍ መናኸሪያዎቻችን ከአቅማቸው በላይ ይጨናነቃሉ። የሚመለከታቸው አካላት ከዚያ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢያስቡበት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። መጀመሪያ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ሰው የሚሳፈርበት ቦታ በቂ መብራት ይደረግለት። ቀጥሎ፣ ተራ አስከባሪዎች መኪናው ቆሞ የወረደው ወርዶ ሳያልቅ በሩን ለተሳፋሪ አያስከፍቱ፤ ሰልፉም በገመድ ይከለል። በመጨረሻም፣ በድምፅ ማጉያው የሚነገረው መልእክት ይቀየር። «ሌባ አለ» ከማለት ይልቅ፣ «ለትኬት የሚሆናችሁን ገንዘብ መስኮቱ ጋ ሳትደርሱ ለይታችሁ ያዙ፤ ካፖርት የምታወልቁ በኪሱ ምንም አታስቀሩ፤ መኪናው ሳይቆም ወደ በሩ አትጠጉ» ቢባል፣ ሰው እጁን ወደ ገንዘቡ ሳይሰድ የሚያደርገውን ያውቃል። እናንተም ለበዓሉ በምታዘጋጁት እትም ይህንኑ መልእክት ብታወጡልን በአካባቢው ተጓዦች ስም አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ ጡረተኛ የመናኸሪያ ሠራተኛ፣ ከኮምቦልቻ