መዳፍ ይጠቁራል እንጂ ሁልጊዜ አይቀላም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የጤና አምዳችሁ ስለ ኬሞቴራፒ ሲጽፍ ብዙውን ጊዜ ፀጉር መርገፍና ማቅለሽለሽ ላይ ይቆማል። መድኃኒቱ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እምብዛም አይነሳም፤ ሲነሳም «መዳፍ ይቀላል» ተብሎ ይታለፋል። እኛ የጻፍነው በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት ነው። መቅላት በነጭ ቆዳ ላይ ታይቶ የተጻፈ ምልክት ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው መጥቆር ነው፤ የመዳፍ መስመሮችና የጣት መታጠፊያዎች ከሰል የነካቸው ይመስላሉ፣ ከዚያ ቆዳው ይወፍራል፣ ይላጣል። ታማሚው ቅላት ሲጠብቅ ቀኑ ያልፍበታል።

ችግሩን አዘውትሮ የሚያመጣው ለጡት፣ ለአንጀትና ለጨጓራ ካንሰር የሚታዘዘው ካፔሲታቢን የተባለ ክኒን ነው። ብቻውን ከሚወስዱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአንዱ ወይም በሌላው ደረጃ ያዩታል። በደም ሥር ለቀናት የሚንጠባጠበው ፍሎሮዩራሲልም ያመጣዋል፤ ዶሲታክሴል የተባለው መድኃኒትም እንዲሁ። ሶራፌኒብና ሱኒቲኒብ የተባሉት የካንሰር መድኃኒቶች የሚያመጡት ለየት ይላል፤ ተረከዝንና የእግር ጣቶችን ሥር ያደድራል፣ ሲረገጥ ጠጠር የገባበት ያህል ያማል።

አጀማመሩ መውረር፣ መለብለብ፣ መወጠር ነው። በዚህ ደረጃ ሥራ አያስፈታም። ሕመሙ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ወይም የሞቀ ሲኒ መያዝ ካስቸገረ ግን ሁለተኛው ደረጃ ላይ ተደርሷል፤ ቆዳው ውኃ ከቋጠረ ወይም ከቆሰለ ሦስተኛው ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ክኒን በፊት የሁለቱን መዳፍና የሁለቱን ውስጥ እግር ፎቶ በስልክ ማንሳት፣ ከዚያም በየሳምንቱ እዚያው መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ደግሞ ማንሳትና ማስተያየት ይጠቅማል። ለሐኪሙም ከማንኛውም ገለጻ የተሻለ ማስረጃ ነው። እንሶስላ ወይም ሂና የሚወዱ እናቶች ለጊዜው ቢተዉት ደግ ነው፤ ያምራል፣ ግን የምንፈልገውን ምልክት ይሸፍንብናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሁለተኛው ደረጃ ሲደረስ ክኒኑ ቆሞ በዚያው ቀን ሕክምና ክፍሉ ይነገረዋል። ብዙ ሰው «መድኃኒቴን ይነሡኛል» ብሎ እጁን በነጠላው ሸፍኖ ይቀርባል። ውጤቱ ተቃራኒ ነው፤ በጊዜ የተናገረ ሰው ቆዳው እስኪያገግም አርፎ ይቀጥላል፣ የደበቀው ግን ቆስሎ ለሳምንታት ይቆማል። ማረፉም ሆነ መጠን መቀነሱ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ የተዘጋጀ አሠራር እንጂ ሕክምና ማቋረጥ አይደለም። ያመለጠን ክኒን በማግስቱ ደርቦ መዋጥ ፈጽሞ አይገባም።

የካፔሲታቢን አወሳሰድም የራሱ ጣጣ አለው። አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን ተወስዶ 7 ቀን ይታረፋል፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለምሳሌ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት፣ ምግብ ከተበላ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ። በጾም ወቅት የጠዋቱን ወደ ከሰዓት የሚገፉ ስላሉ የንስሐ አባትን ቀድሞ ማማከር ይሻላል። ሌላው «ለደም ማነስ» ተብሎ በራስ ፈቃድ የሚገዛው ፎሊክ አሲድ ነው፤ የካፔሲታቢንን ጉዳት ያባብሳል። ቫይታሚን ቢ6 ይከላከላል የሚባለው ደግሞ በጥናት ሲፈተሽ አልሠራም።

የሚሠራው ምንድን ነው? 10 በመቶ ዩሪያ ያለበት ክሬም በቀን ሦስት ጊዜና ከእጅ መታጠብ በኋላ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። በጥቁር አንበሳ ዙሪያ ባሉት መድኃኒት ቤቶች ስትጠይቁ «ዩሪያ ክሬም» ብላችሁ አታቁሙ፣ መቶኛውን ጠይቁ፤ 20 እና 40 በመቶው ለደደረ ተረከዝ ነው፣ የተሰነጠቀ መዳፍ ላይ ያቃጥላል። ካልተገኘ ቫዝሊን ወይም ግሊሰሪን ገና እርጥብ በሆነ ቆዳ ላይ ቀብቶ፣ ማታ የጥጥ ካልሲ አጥልቆ መተኛት።

በ2024 ከሕንድ የወጣ ጥናት ደግሞ ርካሽ መላ አሳይቷል። 264 ካፔሲታቢን ወሳጆች 1 በመቶ ዲክሎፌናክ ጄል ወይም መድኃኒት የሌለው ጄል እጃቸውን ተቀቡ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ጉዳት የደረሰባቸው በዲክሎፌናኩ 3.8 በመቶ፣ በሌላው 15 በመቶ ነበሩ። ልኩ ለአንድ እጅ 1 ግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ የተጨመቀ ጄል ግማሽ ግራም ያህል ስለሚሆን ለአንድ እጅ ሁለት ጭማቂ ማለት ነው። በቀን 4 ግራም ይሄዳል፤ የ30 ግራም ቱቦ ሳምንት ይቆያል። ከተቀቡ በኋላ አንድ ሰዓት አይታጠቡም፤ የቆሰለ ቆዳ ላይ አይደረግም። ኩላሊታቸው የታመመና አስፕሪን የማይስማማቸው ሐኪም ሳይጠይቁ አይጀምሩት።

ቤት ውስጥ ጠላቶቹ ሙቀት፣ ጫናና ፍትጊያ ናቸው። አክንባሎ ሲነሳ የሚወጣው እንፋሎት፣ የዘነዘና እጀታ፣ ሳፋ ላይ የሚታሽ ልብስ፣ በረኪና፣ በርበሬ፤ እነዚህን በመድኃኒቱ ሳምንታት ቤተሰብ ይረከብ። ከአትክልት ተራ የተሞላ ፌስታል ጣት ላይ አንጠልጥሎ መምጣት ብቻውን መዳፍ ያቆስላል፤ በክንድ ይያዝ ወይም ለሌላ ይሰጥ። የጎማ ጓንት ለብቻው ሙቀት ያፍናል፣ ከሥሩ የጥጥ ጓንት ይግባ። ጫማው ሰፋ ያለና ሶሉ ወፍራም ይሁን፤ በፕላስቲክ ሸበጥ የቸርችልን ዳገት ወደ ፒያሳ መውጣት አይመከርም፣ ታክሲ ይሻላል።

ሲያቃጥል እጅን ቀዝቀዝ ባለ ውኃ ለ15 ደቂቃ መንከር ያስታግሳል፤ በረዶ በቀጥታ አይያዝ። እዚህ ላይ ግን ብዙ ስህተት ይሠራል፦ ከካፔሲታቢን ጋር ኦክሳሊፕላቲን የተባለው የካንሰር መርፌ የተሰጣቸው ሰዎች ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት ቀዝቃዛ ነገር ቢነኩ ጣታቸውን ኤሌክትሪክ እንደያዘው ይነዝራቸዋል። ለእነሱ ለብ ያለ ውኃ ብቻ ነው።

ውኃ የቋጠረው አይፈንዳ። ራሱ ከፈነዳ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ፣ ቫዝሊን ተቀብቶ፣ በንጹሕ ጋውዝ ይሸፈን። መግል ከታየ ወይም ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይኬዳል።

አንድ ነገር እንጨምር፣ ባንክ ቤት ስለሚያጋጥም። ካፔሲታቢን በረዘመ ጊዜ የጣት አሻራን ያጠፋል፤ ማሽኑም «አልታወቀም» ይላል። ለፋይዳ ያልተመዘገበ ሰው ቢችል ከሕክምናው በፊት ይመዝገብ። ፋይዳ የዐይን አይሪስና የፊት ፎቶም ስለሚወስድ አሻራ እንቢ ሲል በእነሱ እንዲታይለት ይጠይቅ፣ ምክንያቱን የሚገልጽ አጭር የሐኪም ደብዳቤም ከመታወቂያው ጋር ይያዝ።

ከካንሰር ሕክምና ነርሶችና ፋርማሲስቶች
ልደታ፣ አዲስ አበባ