ቦታውን ጥሎ የሸሸው ልጅ

ይድረስ ለምወድህ ጓደኛዬ፣ ለምጽዋ፤

እንደምን አለህ? እናትህ እትዬስ ደኅና ናቸው? ጉልበታቸውን እንዴት አደረጋቸው? ሦስተኛው ልጅህ መወለዱን ከሰው ነው የሰማሁት። እንኳን ማርያም ማረቻት በልልኝ፣ ዘግይቶም ቢሆን። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ ዛሬ ድንገት ረጅም ደብዳቤ ሲደርስህ ምን እንደምትል አላውቅም። ብትቆጣም ልክ ነህ። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ብዕር ያስነሳኝ አንድ ፊልም ነው። እኔና አንተ ወሬ ከጀመርን መቼም ዞሮ ዞሮ ፊልም ላይ ነበር የምናርፈው።

ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው የምሠራው፣ የሌሊት ፈረቃ። እዚያ አንድ አዛውንት አሉ፣ ዘጠና አልፏቸዋል። እንቅልፍ የሚባል ነገር የላቸውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሲያዩ ነው የሚያነጉት። ባለፈው ወር አንድ ሌሊት ክፍላቸው ስገባ ቴሌቪዥኑ ላይ ባሕር አየሁ። መርከባቸው የሰመጠ ሰዎች አንዲት መንሳፈፊያ ላይ ተንጠላጥለዋል። ፊታቸው በዘይት ጠቁሮ ዓይናቸው ብቻ ያበራል። መርከበኛው አባትህ፣ አባባ፣ ትዝ አሉኝ፤ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አዛውንቱ ወንበሩን በእጃቸው አሳዩኝ። ተቀመጥኩ።

ፊልሙ «ኢን ዊች ዊ ሰርቭ» ይባላል። «የምናገለግልበት» እንደማለት ነው፤ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ስለ መርከቦቹ ከሚጸልየው ጸሎት የተወሰደ ቃል ነው። የወጣው በ1942 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ)፣ ጦርነቱ ገና መሀል ላይ እያለ፣ ማን እንደሚያሸንፍ ሳይታወቅ። ስታየው ይሄን አትርሳ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት የጦርነት ፊልሞች መጨረሻውን በሚያውቅ ሰው የተሠሩ ናቸው። እነዚህ ተዋንያን ግን መጨረሻውን አያውቁም። ፊታቸው ላይ ያለው ነገር ትወና ብቻ አይመስለኝም።

ታሪኩ ቶሪን ስለምትባል ዲስትሮየር፣ ፈጣን የጦር መርከብ፣ ነው። ቶሪን በፊልሙ ያለች ስም ነች፤ እውነተኛዋ መርከብ ኬሊ ትባል ነበር፣ አዛዧም ሎርድ ሉዊስ ማውንትባተን፣ ኋላ በሕንድ የመጨረሻው የእንግሊዝ እንደራሴ የሆነው። ኬሊ የሰመጠችው ግንቦት 15 ቀን 1933 በኛ አቆጣጠር፣ ቀርጤስ ደሴት አጠገብ፣ በጀርመን አውሮፕላኖች ተደብድባ ነው። ቀኑን ስቆጥረው ጃንሆይ አዲስ አበባ በገቡ በ18ኛው ቀን ሆኖ አገኘሁት። አባባ ይሄን ቢሰሙ እንዴት ደስ እንደሚላቸው! ቀን ከቀን ማገናኘት ይወዱ አልነበር?

ከዚያ ሌሊት በኋላ ፊልሙን ሦስት ጊዜ አየሁት። የተዋንያኑንም ታሪክ አንድ በአንድ ፈልጌ አነበብኩ። ያነበብኩትን የምነግረው ሰው ስፈልግ ካንተ ሌላ ማንም አልመጣልኝም።

ካፒቴኑን የሚጫወተው ኖኤል ካዋርድ ነው። ጽሑፉን የጻፈው እሱ፣ ሙዚቃውን የደረሰው እሱ፣ ከዴቪድ ሊን ጋር ዳይሬክት ያደረገውም እሱ። እስከዚያ ድረስ ሰው የሚያውቀው በቀልድ ቲያትርና በዘፈን ነበር፤ አባቱ ፒያኖ ሻጭ ነበሩ። የማውንትባተን ወዳጅ ስለነበር ነው ታሪኩን ያገኘው። እሱ የጦር መርከብ አዛዥ ሆኖ ሊጫወት ነው ሲባል የተሳለቁበት ጋዜጦች ነበሩ። እኔም እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ላይ ደረቅ ሆኖብኝ ነበር፤ ንግግሩ ከከንፈሩ እንጂ ከሆዱ የሚወጣ አይመስልም። መጨረሻው ላይ ግን ከሞት የተረፉትን መርከበኞች እስክንድርያ ላይ ይሰናበታቸዋል። አንድ በአንድ እጃቸውን ይጨብጣል፤ አንድም አይዘልም። ንግግሩም እውነተኛው አዛዥ ለእውነተኞቹ ተራፊዎች ካደረጉት የተወሰደ ነው። ያኔ ደረቅነቱ እንባ ለመያዝ እንደሆነ ገባኝ። አባቶቻችን እንደዚያ አልነበሩም?

ዴቪድ ሊን በዳይሬክተርነት ስሙ ሲጻፍ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ያኔ ኤዲተር ነበር።

ተራውን መርከበኛ ሾርቲ ብሌክን የሚጫወተው ጆን ሚልስ ነው። እሱን ትወደዋለህ። ፊቱ የሰፈር ልጅ ፊት ነው። ባቡር ውስጥ ፍሬዳ ከምትባል ልጅ ጋር ይተዋወቃል፣ ይጋባሉ፣ እሷም ታረግዛለች። ፍሬዳን የምትጫወተው ኬይ ዋልሽ ያኔ የዴቪድ ሊን ሚስት ነበረች። ፊልሙ ላይ የምትታየው የፍሬዳ ሕፃንስ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የጆን ሚልስ የራሱ ልጅ ጁልዬት! ገና ጥቂት ወሯ ነበር፤ ኋላ እሷም ተዋናይ ሆነች። የካፒቴኑ ትንሽ ልጅ ሆኖ የሚጫወተው ዳንኤል ማሲ ደግሞ የካዋርድ የክርስትና ልጁ ነው። ያ ልጅ አድጎ በ1968 በወጣ ፊልም ኖኤል ካዋርድን ራሱን ሆኖ ተጫወተና ለኦስካር ታጨ። የክርስትና አባትን ሆኖ መጫወት! አንዱ መኮንን ማይክል ዋይልዲንግ ነው፣ በኋላ ኤልዛቤት ቴይለርን ያገባው፤ ይሄ እንኳን ለእትዬ ወሬ ነው።

የካፒቴኑ ሚስት ሲሊያ ጆንሰን ነች። ረጅም ፊልም ላይ ስትሠራ የመጀመሪያዋ ነው። የገና ማዕድ ላይ ተነስታ ትናገራለች። የመርከበኛ ሚስት ጣውንት አለባት፣ ጣውንቷም መርከቧ ነች፣ ሁልጊዜም ሁለተኛ ሆና መኖርን ትለምዳለች ትላለች፤ ከዚያ ለዚያችው መርከብ ጽዋዋን ታነሳለች። ድምጿ አይንቀጠቀጥም፣ ዓይኗ ብቻ ነው። እትዬ ያቺን የመርከብ ፎቶ በየሳምንቱ በነጠላቸው ጫፍ ሲወለውሏት ታየኝ። ስድስት ልጅ ብቻቸውን ይዘው ባላቸው ምጽዋ ወደብ፣ እሳቸው ደብረ ዘይት።

አሁን ልቤን ወደሰበረው ልምጣ።

ዋልተር ሃርዲ የሚባል የበታች ሹም አለ፣ የሚጫወተው በርናርድ ማይልስ። የመርከቡ ሰው ሁሉ እንደ ታላቅ ወንድሙ የሚያየው ዓይነት ሰው። ሚስቱ ፕሊመዝ ከተማ ነው ያለችው። ፍሬዳም እዚያው እሱ ቤት ነው የተጠጋችው። አንድ ሌሊት ቤቱ ላይ ቦምብ ይወድቃል። ፍሬዳ ትተርፋለች፣ በሰላምም ትገላገላለች። የሃርዲ ሚስትና አማቱ ይሞታሉ። ደብዳቤው የሚደርሰው ለሾርቲ ነው። እንግዲህ አስበው፤ በአንድ ወረቀት ላይ ያንተ ልጅ መወለድና የወዳጅህ ሚስት መሞት ተጽፎልሃል፣ መርዶውን የምትነግረው ደግሞ አንተ ነህ። ሄዶ ሲያገኘው ሃርዲ ተቀምጦ ደብዳቤ እየጻፈ ነው። ለማን? ለሚስቱ። ሾርቲ እንደምንም ይነግረዋል። ሃርዲ አይጮህም፣ አያለቅስም። ፍሬዳ በመትረፏ ደስ ብሎኛል ብሎ ትንሽ አየር ልውሰድ እያለ ይነሳል። ወደ ላይ ይወጣል። ሲጽፈው የነበረውን ደብዳቤ ጨምድዶ ባሕሩ ውስጥ ይጥለዋል። አለቀ። ሌላ ምንም የለም።

በርናርድ ማይልስን ያንን ሲሠራ ካየሁት ጀምሮ ያልተላኩ ደብዳቤዎቼን ሁሉ ነው የማስበው። አባባ ያረፉ ሰሞን አራት ጊዜ ጀምሬልሃለሁ። አራቱንም ጨምድጃቸዋለሁ።

እና ያ ልጅ። ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ለሱ ስል ነው።

ከመርከቧ ሆድ ውስጥ የሚሠራ ወጣት አለ፣ ስቶከር ይሉታል፣ እሳት አንዳጅ እንደማለት። አባባ ይሠሩበት ከነበረው ክፍል ማለት ነው። ትዝ ይልሃል «መርከበኛ ሁሉ ባሕር የሚያይ ይመስላችኋል? እኔ ባሕሩን የማውቀው በድምፁ ነው» ሲሉን? ልጁ ከዚያ ሥር ነው። ውጊያው ሲጀመር፣ ቶርፔዶ ሲመታቸው፣ ይደነግጣል። ቦታውን ጥሎ ይሸሻል። ምንም አይናገርም፤ ካሜራው ፊቱ ላይ ብቻ ይቆያል። እንደዚያ ያለ ፍርሃት በፊልም አላየሁም።

መርከቧ ወደብ ስትመለስ ካፒቴኑ ሰውን ሁሉ ይሰበስባል። ሁላችሁም እንዳሰብኳችሁ ሆናችኋል ይላል፣ ከአንድ ሰው በቀር። ልጁ እዚያው መሀላቸው ቆሟል። ካፒቴኑ ስሙን አይጠራም። በማስጠንቀቂያ ብቻ ለቅቄዋለሁ፣ ይላል፤ ማስጠንቀቂያውም ሁለት ነው፣ አንዱ ለሱ፣ አንዱ ለራሴ፣ ምክንያቱም ከናንተ የምጠብቀውን በደንብ ሳላስረዳችሁ ቀርቻለሁ። ልጁ ይሄን ሲሰማ ፊቱን እየው። በጅራፍ ቢገረፍ ይሻለው ነበር።

ልጁን የሚጫወተው የ18 ዓመት የድራማ ተማሪ ነበር፣ የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። የተዋንያኑ ስም ዝርዝር ሲወጣ ስሙ ተረስቶ ቀረ። አስበው፣ እንደዚያ ተጫውተህ ስምህ የለም። ስሙ ሪቻርድ አተንቦሮ ነው። አዎ፣ ያ አተንቦሮ! ከዚያ ልክ ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1982፣ «ጋንዲ»ን የሠራው፣ ስምንት ኦስካር ያገኘው ፊልም ዳይሬክተር። እኔና አንተ በቪዲዮ ካሴት ሁለት ቀን ተከራይተን ያየነው፤ አባባ አጠገባችን ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው ሳይነሱ ያዩት አንድ ፊልም እሱ ነው። እዚያ ፊልም ላይ ጆን ሚልስም አለ፣ የእንግሊዝ እንደራሴውን ሆኖ። ሁለቱ ከአርባ ዓመት በኋላም አልተለያዩም።

አሁን ያልነገርኩህን ልንገርህ።

አባባ የታመሙ ጊዜ መድኃኒቱን ፈልግልኝ ብለህ ጻፍክልኝ። «በሚቀጥለው ሳምንት እልካለሁ» አልኩህ። ያኔ ከሥራ ከወጣሁ ሁለተኛ ወር ሆኖኝ ነበር፤ የቤት ኪራይ እንኳን ያልከፈልኩ፣ የሰው ሶፋ ላይ የማድር። ይሄን ልነግርህ አፈርኩ። ብነግርህ ሌላ ሰው ትጠይቅ ነበር። ሳምንቱ ሦስት ሆነ። ከዚያ አባባ ማረፋቸውን ሰማሁ። ስልኩን አንስቼ ቁጥርህን ግማሽ ድረስ መታሁና ዘጋሁት። ሰልስቱ ሲያልፍ እደውላለሁ አልኩ። አርባው ሲያልፍ አልኩ። ሙት ዓመቱ ደረሰ። በዘገየሁ ቁጥር ድምፅህን መስማት እየከበደኝ ሄደ።

ቦታዬ የት እንደነበር አውቃለሁ። ድንኳኑ ውስጥ፣ ካንተ ጎን። በአካል መምጣት ባልችል በስልክ ካንተ ጋር አለቅስ ነበር። እኔ ስሄድ ያንን ሰማያዊ ካፖርታቸውን ከሳጥን አውጥተው ያለበሱኝ ሰው ናቸው። «አሜሪካ ብርድ ነው፣ ምጽዋ ላይ አልጠቀመኝም» ብለው። ካፖርቱ አሁንም አለ። ክረምት ሲገባ እለብሰዋለሁ።

መድኃኒቱ ያድናቸው ነበር ወይ ብዬ ስንት ሌሊት አስቤአለሁ። አንተም ሳታስበው አትቀርም። ጠይቀኝ፣ ተቆጣኝ፣ የፈለግኸውን በለኝ፤ እሰማለሁ።

አዛውንቱ ያን ሌሊት ፊልሙ ሲያልቅ መርከበኛ ነበርክ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔ አልነበርኩም፣ አባቴ ነበሩ አልኳቸው። አባቴ ብዬ ነው የነገርኳቸው። ስለ አባባ መርከብም ነገርኳቸው፤ በ1962 ከአሜሪካ እንደተሰጠች፣ ስሟን «ኢትዮጵያ» እንዳልናት፣ አገራችን ከባሕሩ ስትርቅ እሷም የመን ወደብ ላይ እንደቀረች። ዝም ብለው ሰሙኝና እጄን ያዙኝ።

እሑድ ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ እደውልልሃለሁ፣ ባንተ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይሆናል። ባታነሳው በሚቀጥለውም እሑድ እደውላለሁ። እትዬ አጠገብህ ካሉ መጀመሪያ እሳቸውን አገናኘኝ፣ የምነግራቸው አለኝ። ፊልሙንም ለልጆቹ ቅዳ፤ ትልቁ እንግሊዝኛው ይበቃዋል።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ያቺ የመርከቧ ፎቶ አሁንም ከሬዲዮኑ በላይ ነው የተሰቀለችው?

ወንድምህ