ትራክት ስትሰጡ ሰውየውንም እዩት

ውድ አዘጋጅ፣

አሁን አሁን «ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ፣ ትራክት ምን ያደርጋል?» የሚል አማኝ በዝቷል። ትራክት፣ ማለትም ስለ ወንጌል የሚናገር በእጅ የሚታደል ትንሽ ወረቀት፣ ጊዜው አልፎበታል በሚለው እኔ አልስማማም። ይልቅ ችግሩ ያለው አሰጣጣችን ላይ ነው፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

እኔ ራሴ ወደ ጌታ የመጣሁት በትራክት ነው። ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ከጎኔ ያለውን ታማሚ ሊጠይቁ የመጡ አንድ አባት ለእኔም ሰላምታ ሰጡኝ። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፣ ሕመሜን ጠየቁኝ፣ ማን እንደሚያስታምመኝ ጠየቁኝ፤ ስለ ሃይማኖት ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ሊሄዱ ሲሉ ነው ከደረት ኪሳቸው ለሦስት የታጠፈች ወረቀት አውጥተው በሁለት እጃቸው የሰጡኝ። «ልጄ፣ ይቺን እኔ በጣም ነው የምወዳት፤ ሲመችህ አንብባት» አሉኝ። ጀርባዋ ላይ ስማቸውንና ስልካቸውን በእስክሪብቶ ጽፈውባታል።

ያን ቀን አላነበብኳትም። ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከረመች። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አገኘኋት፤ ማጠፊያዋ ላይ ያለው ፊደል ተሻሽቶ ሊጠፋ ደርሷል። አነበብኳት። ደገምኳት። ሲነጋ ደወልኩላቸው።

ስልክ ላይ የተላከ ሊንክ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ከመቶ መልእክት በታች ተቀብሮ ይቀር ነበር። ወረቀት ግን ይጠብቃል። ቻርጅ አይፈልግም፣ ብቻ ሆነው ያነቡታል፣ ጠረጴዛ ላይ ከተረሳም የቤት ሰው ያነሳዋል። እንግሊዛዊው ሚሲዮናዊ ሐድሰን ቴይለር እንዲሁ ነው የሆነው። እ.ኤ.አ. በ1849 የ17 ዓመት ልጅ ሳለ ከአባቱ መጻሕፍት መሃል አንድ ትራክት አነሳ፤ ታሪኩን አንብቤ ስብከቱ ጋ ስደርስ አቆማለሁ ብሎ ነበር የጀመረው። አላቆመም። በ1865 ወደ ቻይና ውስጠኛ ክፍል ወንጌላውያንን የሚልክ ሚሲዮን የመሠረተው ያ ልጅ ነው። እሱ ራሱ እንደተናገረው ግን በዚያችው ሰዓት እናቱ ከሩቅ ቦታ ሆና በር ዘግታ ስለ እሱ እየጸለየች ነበር። ወረቀቷ ብቻዋን አልሠራችም።

በሐዋርያት ሥራ ላይ ያሉትን ወንጌላዊው ፊልጶስንና ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ አስቡ። ጃንደረባው ኢሳይያስን ይዞ እያነበበ ነበር፤ ጽሑፉ እጁ ላይ ነው። ያጣው የሚያስረዳው ሰው ነው። ፊልጶስም ወደ ሰረገላው ሮጠ፣ ወጥቶ አብሮት ተቀመጠ፣ ጥያቄውን ሰማ። እኛ ግን አብሮ መቀመጡን ትተን መበተኑን ብቻ ያዝን።

በቅርቡ አንድ ትልቅ ስብሰባ በር ላይ ወጣቶች ትራክት ሲያድሉ ቆሜ አየሁ። ልባቸው መልካም እንደሆነ አልጠራጠርም። ግን የሚቀበላቸውን ሰው ፊት አያዩም፤ እጅ ላይ ጣል ያደርጉና ወደ ቀጣዩ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ መሬቱ በወረቀት ተሸፍኗል። ጎንበስ ብዬ ለቀምኩ፣ 11 ሆኑ። አንዱ ላይ «ኢየሱስ ይወድሃል» ከሚለው በላይ የጫማ ሶል ታትሞበት ነበር። እውነቴን ነው፣ አለቀስኩ።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ገንዘብ አስመስለው የሚያትሙት ነው። የቸገረው ሰው ብር አገኘሁ ብሎ ጎንበስ ይላል፤ ሲገልጠው ስብከት። እውነትን በማታለል እንዴት እንጀምራለን? የሌላውን እምነት የሚሰድብ ትራክትም እንደዚሁ ነው። ሰውየውን እናቱ ባስተማረችው ነገር ከሰደብከው በኋላ ስለ ፍቅር ብትነግረው አይሰማህም።

እባካችሁ፣ ከመስጠታችሁ በፊት ራሳችሁ አንብቡት። ያላነበባችሁትን አትስጡ። አሥር ለአሥር ሰው ስጡ፣ ግን ሰላም ብላችሁ፣ ስም ጠይቃችሁ። አልፈልግም ካለ አመስግናችሁ እለፉ፤ ተከትላችሁ አትጨቅጭቁት። ለሕፃን ስትሰጡ ወላጁን አስፈቅዱ።

ለቤተ ክርስቲያን መሪዎች ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ባለፈው ለጓደኛዬ የተሰጠ ትራክት ጀርባ ላይ «ጥያቄ ካለዎት ይደውሉልን» ይላል። ጓደኛዬ ጥያቄ ነበረው። ደወለ። ቁጥሩ አገልግሎት ላይ አይደለም። ሁለተኛው ቁጥር ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም፤ ሦስት ቀን ሞከረ፣ ከዚያ ተወው። ያን ትራክት ያሳተመችውን ቤተ ክርስቲያን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም የብዙዎቻችን ችግር ነው። መጋዘናችሁ ውስጥ የተከመረውን ካርቶን ክፈቱና አንዱን አውጥታችሁ ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር ዛሬውኑ ደውሉበት።

አንድ አንባቢያችሁ