መርዙ የእናንተ፣ ማስጠንቀቂያው ለእኔ

ለከተማችን የጽዳትና አረንጓዴ ልማት ኃላፊ፣

ይህን በአደባባይ የምጽፈው ወድጄ አይደለም። ማመልከቻ አስገባሁ፣ ደወልኩ፣ ቢሮ ድረስ መጣሁ። "ጉዳዩ እየታየ ነው" ተባልኩ። ማን እያየው እንደሆነ የሚነግረኝ ግን ጠፋ።

ነገሩን እርስዎም ያውቁታል፣ ለሌላው አንባቢ ስል ልድገመው። ሠራተኞቻችሁ ከአጥሬ ውጭ፣ ቁጥቋጦው ስር፣ የአይጥ መርዝ ያለባቸው ሳጥኖች ደርድረው ሄዱ። ከላይ የተጻፈውን አነበብኩት፤ ብሮዲፋኩም ይላል። ብዙም ሳይቆይ እዚያው ዛፍ ላይ የምታድረው ጉጉት አጥሩ ስር ሞታ ተገኘች። ቁስል የላትም፤ ምንቃሯ ላይ ግን ደም ነበረ። መርዙ ነው የገደላት ብዬ አልምልም፤ ለዚህም ነው በድኗን ወስዳችሁ አስመርምሩልኝ ያልኩት። ማንም አልመጣም።

ማስጠንቀቂያው ግን ከተፍ አለ! በግቢዬ ጥግ ያልታጨደ ሣርና ያልተወገደ ቅጠል ስለተገኘ በአስቸኳይ ካላጸዳሁ እቀጣለሁ። ለካ መሥሪያ ቤታችሁ ሲፈልግ መፍጠን ይችልበታል።

ክቡር ኃላፊ፣ ይህ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መሆኑን ለእርስዎ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። አይጧ በልታው ወዲያው አትሞትም። ቀናት ይፈጅባታል፣ በዚያ መሐል ደግሞ እየተመላለሰች ትበላዋለች፣ ትደክማለች፣ በቀን ብርሃን ሜዳ ላይ ትንገዳገዳለች። እንዲህ ያለችውን አይጥ ማን ይይዛታል? ጉጉቷ፣ ጭልፊቱ፣ የጎረቤት ድመት። መርዙ ጉበት ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ በየአይጡ ትንሽ ትንሽ እየተጠራቀመ አዳኙን ይገድለዋል። አይጥ በሦስት ሳምንት አርግዛ ትወልዳለች፣ ጉጉት ግን እንደዚያ ቶሎ አትተካም፤ ስለዚህ በነፃ አይጥ የሚያድንልንን ገድላችሁ፣ አይጦቹ ተመልሰው ሲበዙ ሌላ መርዝ ልትገዙ ነው ማለት ነው። ለነጋዴው ጥሩ ነው።

ካሊፎርኒያ ይህንኑ የመርዝ ዓይነት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር፣ አግዳለች። እናንተ ግን ለእግረኛው አንድ የማስጠንቀቂያ ምልክት እንኳ አልተከላችሁም። የሞቱ አይጦችን ፈልጎ የሚያነሳ ሰውም አላየሁም።

አሁን ወደ "ቆሻሻዬ" ልመለስ። ያ ቅጠል ቆሻሻ አይደለም። እርጥበት ይይዛል፣ ሲበሰብስ አፈሩን ይመግባል፣ ስሩ ጉርጥና ጥንዚዛ ይኖራሉ፣ ወፎቹም ትላቸውን የሚለቅሙት እዚያው ነው። በዓለም ላይ ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያ አለ። አብዛኞቹ ቀፎ የሚባል ነገር አያውቁም፤ መሬት ቆፍረው ነው ጎጇቸውን የሚሠሩት። ያንን ጥግ እንደ ወታደር ጭንቅላት ሙልጭ አድርጌ ብላጨው ማን ተጠቀመ? መንገዱን የሚዘጋ ሣር ካለ እሱን አጭዳለሁ፣ በዚህ አንጣላም። ለእናንተ ግን ንጹሕ ግቢ ማለት ምንም የማይንቀሳቀስበት ግቢ ሆኗል መሰለኝ።

አይጥ እኔም አልወድም። ግን አይጥ የሚመጣው ምግብ ፍለጋ ነው። ሳጥኖቹ ካሉበት ትንሽ አለፍ ብሎ ያለው የእናንተው የቆሻሻ ገንዳ ክዳን የለውም፤ ሁሌ ሞልቶ ይፈሳል። መጀመሪያ እሱን ክደኑት። ከዚያ አይጥ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ድፈኑ፣ የሚቀር ካለ በወጥመድ ያዙ።

የምጠይቀው ይኸው ነው፦ ሳጥኖቹ ይነሱ፣ መርዙ እንዲቀመጥ ማን እንደፈቀደ በጽሑፍ ይነገረኝ፣ ማስጠንቀቂያውም ይሰረዝ። ጥጉን አላጭድም። ተቆጣጣሪ መላክ ከፈለጋችሁ በሬ ክፍት ነው፤ ሲመጣ ግን ጓንት ይያዝና ሳጥኖቹን በዚያው ለቃቅሞ ይሂድ።