ለደከማችሁልኝ ሁሉ፣ በተለይም ለእታለም

ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ቀን ያበቃኝ ልዑል እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ያሳለፍኩትን የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሕመም አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት አልደግመውም። የሰሞኑ የደም ምርመራዬ ግን ደስ የሚል ነው፤ የዕጢውን ሥራ የሚያሳየው ቲኤስኤች ወደ ልኩ ተመልሷል፣ 8 የነበረው ቫይታሚን ዲም 34 ገብቷል። ከ20 በታች ሲሆን እጥረት ይባላል።

እታለም፣ አንቺን ምን ብዬ ላመስግንሽ? እዚህ ዱባይ፣ ዴራ ሰፈር ባለችው ክፍላችን፣ በዚያ በነሐሴ ሙቀት ብርድ ልብስ ደራርቤ ስንቀጠቀጥ፣ ሌላው «ናፍቆት ነው»፣ «መተት ነው» ሲል «ይቺ ልጅ ታማለች» ብለሽ ከሌሊት ሥራ እንደወጣሽ ሳትተኚ ክሊኒክ ወሰድሽኝ። ከማበጠሪያዬ የለቀምሽውን ፀጉር በሶፍት ጠቅልለሽ ለዶክተሯ ስታሳዪያት ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ሀሺሞቶ ነው፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን ታይሮይድ ዕጢ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው ስትለን እኔ ማልቀስ ብቻ ነበር የቻልኩት። አንቺ ጠየቅሽ፣ ጻፍሽ፣ ማታ ቁጭ አድርገሽ አስረዳሽኝ። ፀሐይ በሚነድበት አገር እንዴት የፀሐይ ቫይታሚን ያንሰኛል ብዬ ስሟገትሽ፣ «ጎህ ሳይቀድ ገብተን ጨልሞ ለምንወጣው የትኛው ፀሐይ?» አልሽኝ።

የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካልኝ ኪኒን፣ ሌቮታይሮክሲን፣ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ነው የሚዋጠው፤ ቡና ይጋፋዋል። ቡና ካልቀመሰች አፏ የማይፈታው እታለም፣ ብቻዬን እንዳልጎመጅ ብላ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ሙሉ ጀበናዋን ሳትጥድ ትጠብቀኝ ነበር! የምወስደው ካልሲየም ከዚህ ኪኒን የ4 ሰዓት ልዩነት ስለሚያስፈልገው ደግሞ ከሥራ ቦታዋ ትደውላለች። «50,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ በየሳምንቱ እየወሰድሽ ሌላው ኪኒን ምን ያደርግልሻል?» ሲሉኝ የተቆጣችውም እሷ ናት። እውነቷን ነበር። የቫይታሚን ዲ ማነስ ከዚህ በሽታ ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ ይገኛል እንጂ፣ ዕጢው ማመንጨት ያቃተውን ሆርሞን ቫይታሚን አይተካውም። እህቶቼ፣ እባካችሁ፣ ማንም ቢላችሁ ሐኪም ሳታማክሩ እንዳታቋርጡ።

እማዬ፣ እንዳትጨነቂ ብለን ነው የደበቅንሽ። ድምፅሽን ስሰማ ግን... ተይው፣ ስመጣ አጫውትሻለሁ።

የንስሐ አባቴ፣ በጾም ኪኒኔን ጠዋት በውሃ እንድውጥ ስለፈቀዱልኝና ስለጸለዩልኝ እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ዶክተሬ፣ በትርጉም እየተቸገርሽ እስኪገባኝ ስለደጋገምሽልኝ አመሰግንሻለሁ። የዕቁባችን አባላት፣ ተራዬ ሳይደርስ ዕጣውን ለቃችሁልኛልና ብድራችሁን ይክፈለኝ። የማኅበራችን እህቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከአገር ቤት በስልክ ያልተለያችሁኝ ቤተሰቦቼ ሁሉ ኑሩልኝ።

ስማችሁን ሳልጠራ ያለፍኳችሁ እንዳትቀየሙኝ። ራሴን ስቼ በተኛሁበት ሰሞን ሾርባ ያመጣችሁልኝን እንኳ ማን ማን እንደነበራችሁ ለይቼ አላውቅም። እባካችሁ ደውሉልኝ፤ በአካል ላመሰግናችሁ እፈልጋለሁ።

አክባሪ እህታችሁ፣ ከዱባይ