እትዬ የጠየቁኝ ድመት

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፣

«ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር። አፈርኩ። ይህን ሁሉ ጊዜ ጠፍቶ ስለ ናፍቆት ማውራት ያስቃል። ይቅር በይኝ በቃ። የዚያን የሠርጉን ነገር ስንገናኝ እናወራዋለን፣ በወረቀት አይሆንም። አሁን የጻፍኩልሽ ቸግሮኝ ነው። ችግሩን ደግሞ ካንቺ በቀር የሚፈታው የለም፤ ምክንያቱም ችግሩ ያለው እናትሽ ጋ ነው።

አትደንግጪ፣ እትዬ ደህና ናቸው። እንዲያውም ካንቺም ከኔም ይሻላሉ። ለጥምቀት ከመሐል ሜዳ መጥተው እኔ ጋ አደሩ። የዳልቻን ልጆች አዩ። ከዚያማ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ይህቺን ለኔ። አይጥ ገብሴን ጨረሰው። ያ ሽማግሌ ድመቴ እንደሆነ አይጥ በጢሙ ሥር ብታልፍ ዓይኑን አይገልጥም።» ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አደረጉት። እትዬን እምቢ የምልበት አፍ ከየት ላምጣ? ይኸው አሁን ሰው ልኬ አስወስዳታለሁ ብለው አስነገሩኝ። እኔ ደግሞ አሁን መስጠት አልፈልግም።

ነገሩ እንዲገባሽ ስለ ዳልቻ ልንገርሽ። አምና በኅዳር ውርጭ በራችን ሥር ተጠቅልላ ያገኘናት ናት። አዎ፣ ድመት። እኔ! «ድመት የምትስም ሴት» እያልኩ ስንት ዓመት እንዳሾፍኩብሽ አልረሳሁም። ሳቂ፣ ተራሽ ነው። ቤት በገባች በሳምንቷ ማስነጠስ ጀመረች። ከዚያ ንፍጥ። ከዚያ ዓይናር፣ ጠዋት ጠዋት ዓይኗ ተጣብቆ ያድራል። ምግብ ባቀርብላት ዞር ብላም አታይ። የሰፈር ምክር ደግሞ ታውቂዋለሽ። አንዷ ምች ነው፣ ዳማከሴ ጨምቂባት አለች። ሌላዋ ባሕር ዛፍ አፍልተሽ አጥኛት። ሦስተኛዋ ግማሽ ፓራሲታሞል። አንዱንም ሳልሞክር በዘንቢል ይዣት እንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

ወረፋውን ብታዪ! በሬ የያዘ አለ፣ የመንዝ በግ የሚጎትት አለ፣ መሐላቸው እኔ ዘንቢል ታቅፌ። አንድ አባት «ዶሮ ናት?» አሉኝ። ድመት ናት ስላቸው እያዘኑ አዩኝና «ልጅ የለሽም እንዴ?» አሉ። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው፣ አልሳቀም። ሙቀቷን ለካ፣ ከ40 ዲግሪ በላይ ሆነ። ጤነኛዋ ድመት ራሷ ከ38 እስከ 39 ነው የምትለካው፣ አስቢው። አፏን ከፍቶ ምላሷን አየ። እግሯን ነካካ። ንፍጧን ትቶ እግሯን ምን አደረገው ብዬ ገረመኝ።

ለካ የድመት ጉንፋን የምንለው ባብዛኛው የሁለት ቫይረሶች ሥራ ነው። አንዱ ሄርፐስ፣ አንዱ ካሊሲ። ካሊሲ ምላስና ድድ ያቆስላል፣ አንዳንዴም ለጥቂት ቀን ያስነክሳል። ሄርፐስ ዓይንና አፍንጫ ላይ ነው የሚበረታው፣ ብሌን ድረስ ያቆስላል። የሷ ምላስ ንጹሕ ነበር፤ የአንድ ዓይኗ ብሌን ግን ቆስሏል። ላቦራቶሪ ሳያየው እርግጠኛ መሆን ባይቻልም ሄርፐስ ይመስላል አለኝ። የድመት ብቻ ነው፣ ሰው አይዝም። እኔ ግን ስሙን ሰምቶ ሰፈሩ ሌላ እንዳያወራብኝ ጉንፋን እያልኩ ነው የምጠራው።

ፓራሲታሞሉን ስነግረው ክው አለ። የድመት ጉበት ያን መድኃኒት መፍጨት አይችልም፤ ግማሿ ክኒን ትገድላት ነበር። የባሕር ዛፍ ዘይትም ለሷ መርዝ ነው። እንፋሎት ከሆነ የተፈላ ውሃ ብቻ ይበቃል ስላለኝ ድስቱን ጠባቧ ክፍል አስገብቼ በሩን ዘግቼ አብሬያት እቀመጥ ነበር። አለመብላቷ ደግሞ ሳይርባት ቀርቶ አይደለም። አፍንጫዋ ከተደፈነ ሽታ የለም፤ ሽታ ከሌለ ለድመት ምግብ አይደለም። ሁለት ሦስት ቀን ጨርሳ ካልበላች ጉበቷ ስብ ይሞላና ያ ራሱ ሌላ በሽታ ይሆናል። ስለዚህ ሰርዲን ገዝቼ አሞቅላት ጀመር። በነቢያት ጾም! ቤቱ ዓሣ ዓሣ ሲሸት ጎረቤት ምን እንዳለኝ አንቺው ጨምሪበት።

የሰጠን ዶክሲሳይክሊን ነው። ቫይረሱን አይነካውም፣ ደክማ ሳለች ለሚደርብባት ባክቴሪያ ነው። አንድ ነገር አደራ አለኝ፤ ክኒኑን ከዋጠች በኋላ በመርፌ አልባ ስሪንጅ ውሃ ማስከተል። ጉሮሮዋ ላይ ከቀረ ያቃጥላታል። ዓይኗን በጨው ውሃ እጠርግላት ነበር፤ ለግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ለብ ሲል በጥጥ። ለዓይኗም ቅባት ሰጠን። ከፋርማሲ ያገኘሽውን ጠብታ አታድርጊባት አለኝ። ስቴሮይድ ካለበት የቆሰለውን ብሌን ያባብሰዋል። ዳነች። ዳነች አልን እንጂ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ይህ ቫይረስ አይወጣም። አመድ ውስጥ እንደተዳፈነ ፍም ነርቭ ውስጥ ይተኛል፣ ዕድሜ ልኳን። ሲጨንቃት ይነሳል። ቤት ስትቀይር፣ ሌላ ድመት ሲመጣባት፣ ስትወልድና ስታጠባ። እሷ ምንም ሳትመስል ቫይረሱን ትዘራዋለች። ዘንድሮ በኅዳር ወለደች። ልጆቹ ወር ገደማ ሲሆናቸው፣ ከናታቸው ያገኙት መከላከያ ሲሳሳ፣ አንድ ባንድ ማስነጠስ ጀመሩ። በታኅሣሥ ብርድ፣ በደብረ ብርሃን! በባና ጠቅልዬ፣ በየተራ ዓይናቸውን እየጠረግሁ... የትንሿን ነገር አልጽፍልሽም። ሦስቱ ተርፈዋል። ወንዱ ቀኝ ዓይኑ ላይ ነጭ ጉም ቀርቶበታል።

እትዬ የመረጧት ሴቷን ነው። አሁን ብታያት እሳት ናት፣ መጋረጃዬን ጨርሳዋለች። ግን ፍሙ እሷም ውስጥ አለ። በዘንቢል ሆና በአውቶቡስ መሐል ሜዳ ስትገባ፣ አዲስ ቤት፣ አዲስ ሰው፣ አዲስ ሽታ። ከዚያ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ቫይረሱ ይነሳል፣ አንድ ሁለት ሳምንትም ይቀጥላል። ሽማግሌው ደግሞ እዚያው ምድጃ ዳር ነው፣ ካንድ ሳህን ሊበሉ ነው። ሐኪሙ «ምናልባት እሱም በልጅነቱ አግኝቶት ይሆናል፣ በሽታው የሌለበት አገር የለም» ብሎኛል። ይሆናል። ላይሆንም ይችላል። ያ ድመት ግን የአባትሽ ነው። እትዬ ማታ ማታ ከማን ጋር እንደሚያወሩ አንቺም ታውቂያለሽ። አንድ ነገር ቢሆን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ይህንን ደግሞ ለሳቸው እንዴት ብዬ ልንገር? «ልጅቷ ድመት ነፈገችኝ» ነው የሚሉት። ባንቺ አፍ ሲሆን ይሰማሉ።

እንዲህ በያቸው። እስከ ፋሲካ ይታገሡ። ልጆቹ ክትባት ያስፈልጋቸዋል፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንታቸው ይጀመርና በየሦስት አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንታቸው ይሄዳል። ክትባቱ የተኛውን አያስወጣም፣ አዲሱንም ጨርሶ አያግድም፣ ግን በሽታውን ያቀለዋል። እኔ እዚህ ጠይቄ ያገኘሁት የእብድ ውሻውን ብቻ ነው። አዲስ አበባ የቤት እንስሳት ክሊኒክ ስላለ ጠይቂልኝ። ለሄርፐስ፣ ለካሊሲና ለሌላ ሦስተኛ የድመት በሽታ ባንድ ላይ የሚሰጥ ነው። ካለ በምን እንደሚጓጓዝም ይንገሩሽ፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተያዘ ዋጋ የለውም። ለሽማግሌውም አንድ ጨምሪ።

በፋሲካ እኔው ይዣት እመጣለሁ። መጀመሪያ ሦስት ሳምንት ያህል ማድ ቤት ለብቻዋ ትቀመጥ፣ ሳህኗም ለብቻ ይሁን። እትዬ እሷን ነክተው ሽማግሌውን ከማሻሸታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ። «ለድመት ደግሞ ኮሮና መጣ?» ይሉሻል፣ ተዘጋጂ። ቤቱን ማጠን ማፍረስ ግን አያስፈልግም፤ ሄርፐሱ ከሰውነት ከወጣ ደካማ ነው፣ እርጥብ ቦታ እንኳ ከ18 ሰዓት አያልፍም። ካሊሲ ቢሆን ነበር ዕቃው ላይ ሳምንታት የሚከርመውና በረኪና የሚፈልገው።

ለአይጡ ወጥመድ እኔ ገዝቼ እልካለሁ። መርዝ እንዳያስቀምጡ ብቻ፤ ሽማግሌው የሞተች አይጥ ካገኘ ይበላታል፣ ለሱ የሚቀለው እሱ ነው።

ሌላም ነበረኝ። የሥራዬን፣ የልጁን ትምህርት ቤት፣ የዚያን ሰውዬ... ተይው፣ በስልክ። ቁጥሬ ያው ነው። መጀመሪያ ለእትዬ ደውዪ፣ ከዚያ ለኔ፤ ሰው ከመላካቸው በፊት። ደግሞ ጉም ዓይኑን ማንም አልጠየቀውም። ቤትሽ ሌላ ድመት ከሌለ ላንቺ ይሆናል። ሲስሙት ዝም ይላል፣ ሞክሬዋለሁ።

እህትሽ፣ ከደብረ ብርሃን